በልጅዎ ስም የተቀመጠው ገንዘብ

ውድ እናቶች፣ ከውጭ አገር የሚላክላችሁን ገንዘብ እንዴት አብቃቅታችሁ እንደምትይዙ ልናስተምራችሁ አልተነሣንም፤ ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁበታላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ተርፎ ባንክ ስለሚገባው ነው።

በሠፈራችን አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አሜሪካ ሄዳ በአስታማሚነት ትሠራለች። ከምትልክላቸው ለአስቤዛ የሚሆነውን ነጥለው፣ ለቤት መሥሪያ ብላ የላከችውን ያስቀምጡላታል። አንዱ ደብተር በልጅቱ ስም፣ ሌላው በሁለቱም ስም፣ ሦስተኛው በእርሳቸው ስም ነው። ስንት እንደተጠራቀመ ግን አልነገሯትም፤ ስትመጣ ሊያስደስቷት ነው።

የደግ እናት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ምስጢር አይወድም። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሂሳቦቹ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ተደምረው ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ከግብር ቅጹ ተለይቶ ለገንዘብ ሚኒስቴር በሚላክ ሌላ ቅጽ ማስታወቅ አለበት። መሠረቱ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10,000 የሚባለው የእያንዳንዱ ደብተር ሳይሆን የሁሉም ድምር ነው። ብሩም በዓመቱ መጨረሻ ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር ተለውጦ ይቆጠራል። በእናትና በልጅ ስም የተከፈተውን ልጅቱ የምታስታውቀው በግማሹ ሳይሆን በሙሉው ነው። ደብተሩ በእናትየው ስም ቢሆንም ገንዘቡ የልጅቱ አደራ ከሆነ የእርስዋ ሂሳብ ይባላል።

ማስታወቅ ማለት ግን ግብር መክፈል አይደለም። ዋናው ገንዘብ ግብር አይጣልበትም፤ ወለዱ ግን ገቢ ስለሆነ በግብር ቅጽዋ ላይ መግባት አለበት። ዝም ብትል፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበች በቀር፣ ባለማወቅ የቀረው እንኳ ከ10,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣት ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለማወቅ ለቀረው ቅጣቱ በደብተር ብዛት ሳይሆን በየዓመቱ ቅጽ ይቆጠር ብሎ መፍረዱ ለባለ ሦስት ደብተሮች ትንሽ እፎይታ ነው።

በስምዋ ያለ ቤት በዚህ ቅጽ አይገባም። ቢከራይ ግን ኪራዩ እዚያም ገቢ ነው፤ እዚህ የተከፈለው የገቢ ግብር ሊታሰብላት ስለሚችል ደረሰኙን አትጣሉት።

«እናቴን እጦራለሁና ግብር ይቀነስልኛል» የሚሉ ልጆችም አሉ። ኢትዮጵያ የምትኖር እናት፣ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነች፣ በዚያ አገር ግብር በጥገኝነት አትቆጠርም። ከባድ ሕግ ነው፤ ጧሪ ልጅ ላለን ለእኛ ደግሞ ያስገርማል።

ቅጹ የሚላከው እስከ ሚያዝያ 7 ነው፤ ለዘገየ እስከ ጥቅምት 5 ያለ ማመልከቻ ይራዘማል። የእነርሱ ዓመት የሚያልቀው ታኅሣሥ 22 ገደማ ስለሆነ፣ ያን ሰሞን ደብተሮቻችሁን አውጡና የባንኩን ስም፣ የሂሳቡን ቁጥርና በዓመቱ ውስጥ የደረሰበትን ትልቁን መጠን ጽፋችሁ ለልጃችሁ ላኩ።