ሰመራ የደረሳችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቀን ስልክ ከእጅ አይወርድም። ቴሌግራሙ ሁሉ «ምን ደረሰህ?» «ምን ደረሰሽ?» ይሆናል። አንዱ «ሰመራ» ብሎ ሲመልስ ግን እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ይጠፋል። «አይዞህ፣ ዝውውር ሞክር» ይሉታል፤ ለቅሶ የደረሱ ይመስል።

ሙቀቱን አልክድም። በሞቃታማው ወቅት 40 ዲግሪ ማለፍ ለሰመራ ብርቅ አይደለም። ከደጋ ለሄደ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ፣ ቤተሰብም ይርቃል። እኔ የምቃወመው ምደባውን እንደ ቅጣት ቆጥሮ፣ እስኪመረቁ ድረስ ሻንጣ ሳይፈቱ መኖርን ነው።

እስቲ ቦታውን እንየው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያው አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ ዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ይህን ለማጥናት ተመራማሪዎች ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጡ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ሌላው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣለት ነገር ለሰመራ ተማሪ ጎረቤት ነው። ኢኮኖሚክስ ለሚማረውም ቢሆን የጂቡቲ መንገድ በደጁ ያልፋል፤ የአገሪቱን ገቢ ዕቃ የጫኑትን መኪኖች ቆሞ መቁጠር ይችላል።

ነገሩ የዕውቀት ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። በዚያ ሰሞን ስልካችን ላይ የሚናፈሰው ወሬም ሌላ መንቀጥቀጥ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልገው የመሬትን ሳይንስ የተማረና ያንኑ ለአርብቶ አደሩ በአፋርኛ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው። ይህ ሰው ከሰመራ ካልወጣ ከየት ይመጣል? የአዋሽ ልጅም ሆነ ከጎንደር የተመደበው፣ ያ ሰው መሆን ይችላል።

ጥያቄው ግን ለተማሪው ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የትም የሚገኝ ሃንድአውት አስነብበው የሚያስመርቁ ከሆነ፣ ሰመራ መማር ሌላ ቦታ ከመማር በምን ይለያል? አፋርኛ ለጀማሪዎች ማስተማር፣ ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ መስክ ማዋል ቅንጦት አይደለም። «የመውጫ ፈተናው ይህን አይጠይቅም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የአካባቢው ሰው ግን ይጠይቃል።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። እዚያ ወሬ ማዛባት ነውር ነው። ከቴሌግራም በፊት የነበረ፣ ከቴሌግራምም የሚታመን የዜና መንገድ ነው።

ስለዚህ ሰመራ የደረሳችሁ፣ ዝውውር ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያ የተማረ ሰው ፈልጉና ዳጉ ተቀመጡ። የሰማውን ተዉትና ያየውን ጠይቁት። ከዚያ ሂዱ። ስትደርሱ ደግሞ ሻንጣውን ፍቱት።