ሃምሳ ገጽ አንብቦ መፍረድ ይገባልን?

በንባብ ክበባችን ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም በየወሩ የሚመረጠው መጽሐፍ እስከ ሃምሳኛው ገጽ ድረስ አንባቢውን ካልያዘ ተጥሎ ሌላ ይተካ የሚል ነው። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሆነ፣ ሐሳቡን የምንቃወም ጥቂት ተማሪዎች ምክንያታችንን በዚህ ገጽ ለመግለጽ እንወዳለን።

የክርክሩ መነሻ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ከአንድ መምህራችን የተዋስነውን ቅጂ ክረምቱን አዲስ ቅዳም ወላጆቻችን ዘንድ ስንሰነብት ለአራት ተቀባበልነው። እውነቱን ለመናገር እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ልንጥለው ምንም አልቀረን። እንግዳ ቃል በእንግዳ ቃል ላይ ይደራረባል። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን የቃላት መፍቻ ስናገላብጥ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ስንዞር፣ በአንድ ማታ ስድስት ገጽ ከሄድን ትልቅ ነገር ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ይኸስ ፈተና ነው» ብሎ መጽሐፉን ለተረኛው አስረክቦ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ደራሲውም ለችኩል ሰው አይራራም። ከዳተኛው ማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ይነግረናል። «ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ለሚሮጥ አንባቢ ወሬው እዚያው ላይ አለቀ፤ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነው።

ሃምሳኛውን ገጽ ካለፍን በኋላ የደረስንበትን አንድ ቦታ እንጥቀስ። አራኪስ በተባለችው በረሃማ ዓለም የሚኖሩት የፍሬመን ሰዎች አለቃ ከመስፍኑ ፊት ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ምራቁን ይተፋል። የመስፍኑ ሰዎች በቁጣ ይነሣሉ። የአገሩን ልማድ የሚያውቀው አንዱ ግን ያስቆማቸዋል፤ ውሃ ከሁሉ በሚበልጥበት አገር የገላን እርጥበት መስጠት ታላቅ ክብር ነውና። ሽማግሌ «እንትፍ፣ እንትፍ» ብሎ ሲመርቅ እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ነገር እንዴት ደስ እንዳሰኘን መናገር ያዳግታል። ላብንና የትንፋሽን እርጥበት አጠራቅሞ መልሶ ስለሚያጠጣው ልብስ፣ ስለ ውሃውም ዋጋ የሚያወሩትን አሰልቺ ገጾች የዘለለ ሰው ግን እዚያ ቦታ የሚያየው ብልግና ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ስናነብ የአዊ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው አንዳችን የሌላችንን ድምፅ መስማት አልቻልንም ነበር።

ሌላም አለ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የተፈጥሮ ሊቅ በረሃውን ሣርና ዛፍ ለማልበስ ያወጣው ዕቅድ ከ300 እስከ 500 ዓመት የሚፈጅ ነው። ከተማ ያደጉ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ግን የሚስቅ አይመስለንም። ዲከረንስ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ዘርቶ፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት አጭዶ፣ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። በመጀመሪያው ክረምት ማሳውን ያየ መንገደኛ ጤፍ እንጂ ደን አይታየውም። ቢሆንም ያ ዓመት ባዶ አይደለም፤ የራሱ እህል አለው። የ«ዱን»ም የመጀመሪያ ገጾች የራሳቸው ጤፍ አላቸው ስንል ማጋነን አይሁንብን።

ዝግ ብሎ መጀመር የፈረንጅ አመል ብቻ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው እዚሁ ጎጃም፣ ከማንኩሳ፣ ከቦጋለ መብራቱ ኑሮ ነው። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ለማየት ብዙ ገጽ መሄድ ያስፈልጋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ አዳመጠው። የሃምሳ ገጽ ሕግ በዚያን ጊዜ ቢኖር ጉዱ ካሣን ማን ያውቀው ነበር?

ተከራካሪዎቻችን በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ወጣቱ የተሻማበትን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ይጠቅሱብናል። ፈጣን መጽሐፍ መውደድ ነውር አይደለም፤ እኛም ወድደነዋል። ፈተናው፣ ሃንዳውቱ፣ የመብራቱ መጥፋት ጊዜ እንደሚነሣን እናውቃለን። ዝግ ያለ መጽሐፍ ሁሉ ጥሩ ነውም አላልንም። አንዳንዱ በቀላሉ የተበላሸ መጽሐፍ ነው፤ ከእኛ መካከል ሌላውን መጽሐፍ ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ጥሎ ያልተጸጸተ አለ። ልዩነቱን የምናውቀው በገጽ ቁጥር ሳይሆን፣ ባነበብን መጠን ጥያቄያችን እየበዛ መሄዱንና አለመሄዱን በማየት ነው።

«ዱን»ን ከ20 የሚበልጡ አሳታሚዎች መልሰውት ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቀው ቺልተን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን ሽልማቶች አገኘ።

ስለዚህ የገጽ ገደቡ ቀርቶ፣ መጽሐፍ የሚጥል አባል የት ላይ እንደጣለውና ምን ጥያቄ እንደቀረበት በስብሰባ ተነሥቶ ይናገር ብለን እናሳስባለን። ያ «ፈተና ነው» ያለው ጓደኛችን ትምህርት ሲከፈት «ለመሆኑ ከዳተኛው ምን ደረሰበት?» ብሎ ጠየቀን። አልነገርነውም። መጽሐፉ ከጥቅምት ጀምሮ በእርሱ እጅ ነው።