ርእሰ አንቀጽ፦ ሞተሩ ደጅ፣ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ



በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በየሰፈራችን የጄኔሬተር ወሬ በዝቷል። በጁን 2024 የአገሪቱን የኤሌክትሪክ መረብ የሚያስተዳድረው የኖጋ ኃላፊ፣ መብራት ለ72 ሰዓት ቢቋረጥ እዚህ አገር መኖር እንደማይቻል ተናገሩ። በኋላ ንግግራቸው ተገቢ እንዳልነበረ ቢያምኑም ሕዝቡ ወደ ሱቅ ሮጦ ነበር። ከእኛም ወገን ከቁጠባው አውጥቶ ትንሽ የቤንዚን ሞተር የገዛ አለ። አንነቅፈውም። በኦክቶበር 2015 ዐውሎ ነፋሱ በሻሮን በኩል ሲያልፍ ብዙ ሺህ ቤቶች፣ አንዳንዶቹም ለቀናት፣ በጨለማ ቆይተዋል። ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ለምታስቀምጥ እናት፣ በኦክስጅን ማሽን ለሚተነፍስ አባት መብራት የምቾት ጉዳይ አይደለም።

የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። በቅርቡ በአንድ ሞዓዶን ከሽማግሌዎቻችን ጋር ስለ ድንገተኛ ጊዜ ዝግጅት ስንነጋገር፣ አንዲት እናት ጄኔሬተራቸውን በወጥ ቤቱ ሚርፔሴት ላይ ዝግጁ አድርገው እንዳስቀመጡ በደስታ ነገሩን። «ማን እንዲህ አድርጉ አለዎት እማማ?» ብንላቸው፣ «ወረቀቱን የልጅ ልጄ አነበበልኝ» አሉ። በወረቀቱ ላይ በዕብራይስጥ «ማኮም ሜኡቭራር» ተብሎ ተጽፏል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪው ልጅም «አየር የሚገባበት ቦታ» ብሎ በትክክል ተረጎመ። እሳቸውም መስኮቱን ከፈት አድርገው ሞተሩን እዚያ አኖሩት። ልጁ አልተሳሳተም፤ እማማም የሰሙትን ነው የፈጸሙት። ደግነቱ ሞተሩ ገና አልተነሣም ነበር።

ነገሩን በግልጽ እንናገር። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚለው አንድ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በመቶ የሚቆጠሩ መኪናዎች የሚያወጡትን ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ በዚያ አገር በየዓመቱ ወደ መቶ ሰው በዚሁ ምክንያት ይሞታል። መስኮት መክፈት አያድንም። ሚርፔሴት፣ ደረጃ፣ ማኽሳን፣ ሚክላት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ሞተሩ ከሕንፃው ውጭ፣ ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ከቤታችንም ከጎረቤት መስኮትም ዞሮ መቀመጥ አለበት።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ጋዙም ያው ነው፣ ፍሙ ቢቀላም ያወጣዋል። ልዩነቱ በቤቱ ላይ ነው። የጎንደር ጎጆ ጭሱን በሣር ክዳኑ ያሳልፍ ነበር፣ ጭሱም ዓይን እየቆጠቆጠ ያስጠነቅቅ ነበር። የዛሬው ማማድ ግን ከውጭ የሚመጣ ጋዝ እንዳይገባበት ተብሎ በብረት መስኮትና በኮንክሪት የታሸገ ክፍል ነው። ከውጭ የማያስገባ ቤት የገባውንም አያስወጣም።

በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ ብርዱ በርትቶ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በሂውስተን የሚኖር ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ነበር። እናትና ትንሽ ልጇ በዚሁ ጋዝ ሞቱ። መኪና ይሁን ጄኔሬተር፣ ሞተር ሞተር ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ሲመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ካመመው ሁሉም ወዲያው ይውጣና ከደጅ ሆኖ ወደ 101 ወይም ወደ 102 ይደውል። ጋዙን የሚለይ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይሸጣል፤ ሞተር ለገዛ ሰው ይህን አለመግዛት ቁጠባ አይባልም።

ስለ ገመዱም አንድ ነገር አለን። ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርተው ከሞተሩ ወደ ግድግዳው ሶኬት የሚሰኩ ሰዎች አሉ። ይህ መብራቱን ወደ መንገዱ መስመር መልሶ ይልከዋል፤ ምሰሶ ላይ የወጣውን የሐሽማል ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ሞተሩን ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ብቻ ነው፣ እሱም በመቀያየሪያ ማብሪያ። ያለበለዚያ ማቀዝቀዣውን በደጅ ገመድ በቀጥታ ከሞተሩ ላይ መሰካት ይበቃል። ቤንዚን የሚቀዳው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግቢ በሌለው ሺኩን የሚኖር ወገናችንስ? እኛ እንደምናየው ጄኔሬተር ባይገዛ ይሻለዋል። አብዛኞቻችን ደግሞ እንዲህ ባለው ቤት ነው የምንኖረው። በኤሌክትሪክ የሚሞላ የባትሪ ሣጥን ጋዝ የለውም፣ አይጮኽም፣ ዓርብ ከሞሉት በሰንበት ቤንዚን መቅዳት የለም። ግን አቅሙን ማወቅ ያሻል፤ 1000 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ሣጥን ለአምፑልና ለስልክ ይተርፋል፣ 300 ዋት የሚፈልግ የኦክስጅን ማሽን ግን ሦስት ሰዓት እንኳ በቅጡ አያቆይም። ስለዚህ እንዲህ ያለ በሽተኛ ያለበት ቤት መብራት የማይፈልግ የኦክስጅን ሲሊንደር እንዲሰጠው ከኩፓት ሖሊም ጋር ዛሬውኑ ይነጋገር። ወይም ጎረቤት ተባብሮ፣ በቫዓድ ባይት በኩል፣ ለሕንፃው አንድ ጄኔሬተር በሜዳ ላይ በባለሙያ ያስተክል። ብድርና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ለዚህ አንሰንፍም።

ከባለ ሥልጣናትና ከነጋዴዎች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ጄኔሬተር ላይ «ከቤት ውጭ ብቻ፤ በሚርፔሴትም አይደለም፤ ይገድላል» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ይለጠፍ። ዕብራይስጥ ለማንበብ የሚቸገሩ ወላጆቻችን ሕይወት በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትርጉም ላይ መንጠልጠል የለበትም። ማስጠንቀቂያውን እስኪለጥፉ ድረስ እኛ እንጀምራለን፤ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። በጀርባው ያለው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተመሳሳይ ነው፤ የልጅ ልጆቻችሁ በደንብ መተርጎማችንን ይፈትኑን።