የአካላችን መጽሐፍ በማን ቋንቋ ይጻፍ?

ስለ ሰው አካል ውስጣዊ አሠራር የተጻፉ መጻሕፍት ታሪክ በሀገራችን በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ሐኪሞቻችንም መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ስላገኙት ሌላ አያስፈልግም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «አባቶቻችን ሁሉን በብራና ጽፈው አስቀምጠውልናል፤ ከባዕድ የምንማረው የለም» ባይ ነው። የመጀመሪያው ራሱን ተራማጅ፣ ሁለተኛው ራሱን አገር ወዳድ ብሎ ይጠራል። በመሠረቱ ግን ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ አንድ ሥፍራ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ስለ ገዛ አካሉ የሚያነበው መጽሐፍ ሳይኖረው ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም አስተሳሰቦች መሞገት፣ የአካል መጽሐፍም ለሐኪም ብቻ የሚተው ሳይሆን የሠዓሊው፣ የደራሲውና የመምህሩም ግዴታ መሆኑን ማሳየት ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ከተጨባጩ ኑሮ እንነሣ። በቆሰበርና በዙሪያዋ ባለው የአዊ ደጋ ቀርከሃ ሞልቷል፤ አጥሩም፣ ወንበሩም፣ የወጌሻው መሣሪያም ከእርሱ ይሠራል። አገሩ የፈረስ አገር ነውና ወድቆ ክንዱን ወይም ቅልጥሙን የሚሰበር ሰው አይጠፋም። ወጌሻው ስብራቱን በጣቱ ዳስሶ ይለያል፤ አጥንቱን አቅንቶ በቀርከሃ ስንጣሪ ያስረዋል። ይህ ሊናቅ የማይገባው የትውልዶች ዕውቀት ነው። ዳሩ ግን እስሩ ከመጠን በላይ ከጠበቀ በአጥንቱ አጠገብ የሚያልፈው ደም ቅዳ ይታፈናል፤ ከእስሩ በታች ያለው እጅ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ይሆናል። የሀገራችን ሐኪሞች ይህን ጉዳት በጥናቶቻቸው ደጋግመው መዝግበውታል፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ወጌሻው ብልህነት አልጎደለውም። የጎደለው፣ አጥንቱንና ደም ቅዳውን ጎን ለጎን ሥሎ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ነው። ስለዚህ የአካል መጽሐፍ አለመኖር ዋጋው በልጆች እጅ ይከፈላል።

«ሁሉ በብራና አለን» የሚሉትን እንግዲህ እንጠይቃቸው፦ ምን አለን? ያለን ነገር በእርግጥ ቀላል አይደለም። የመልክእ ድርሰቶቻችን የቅዱሱን ወይም የቅድስቲቱን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በተርታ እየጠሩ ሰላምታ ያቀርባሉ። ሥዕርት፣ ርእስ፣ ቀራንብት፣ አዕይንት፣ መላትሕ፣ ከናፍር፣ ጕርዔ፣ ክሳድ፣ መትከፍት፣ እንግድዓ፣ መዝራዕት፣ ኵርናዕ፣ እራኅ፣ አጻብዕ እያለ የሚወርደው ደራሲ በውጭ በሚታየው ብቻ አይወሰንም፤ ልብን፣ ኵልያትንና አማዑትንም ይጠራል። አካልን እንዲህ በሥርዓት የመዘርዘር ልማድ ያለው ሥነ ጽሑፍ የቃል ድሀ ነው ብሎ ማን ሊናገር ይችላል?

ነገር ግን መልክእ ውዳሴ እንጂ ምርመራ አይደለም። ኵላሊትን ይጠራል፤ ኵላሊት ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ ይህን እንዲጠይቅም አልተደረሰም። የመድኃኒት መጻሕፍታችን፣ ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 ወደ ፈረንሳይኛ መልሰው ያሳተሟቸው ጭምር፣ በአብዛኛው ለዚህ በሽታ ይህን ሥር፣ ለዚያ ሕመም ያን ቅጠል የሚያዙ ናቸው፤ በሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር ያገናኛሉ እንጂ በሽታው የተቀመጠበትን ብልት ሥለው አያሳዩም። ክታቡስ? ሰውየውን ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። እንግዲህ ሰውን ከራሱ እስከ እግሩ የለካ ብራና ነበረን፤ የተለካውን ሰው ውስጡን ያየ ብራና ግን አልነበረንም። ይህን መናገር አባቶችን መናቅ አይደለም። ያልሠሩትን ሠርተዋል ብሎ ማወደስ ግን የሠሩትንም ማሳነስ ነው።

ዕውቀት በብራና መቀመጡ ብቻውን እንደማይበቃም ከግብፅ ታሪክ እንረዳለን። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በካይሮ የኖረው ኢብን አል ነፊስ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በሳምባ በኩል መሆኑን ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1924 በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ጽሑፉ እስኪገለጥ ድረስ ግኝቱ ለዘመናት ተዘንግቶ ቆየ። ያልተነበበ እውነት በሽተኛ አያድንም።

ታዲያ የአካል መጽሐፍ በሌላው ዓለም እንዴት ተወለደ? ከ1300 ዓመታት በላይ የአውሮጳም ሆነ የዐረብ ሐኪሞች መሪ ጋለን ነበር። ጋለን ታላቅ ሐኪም ቢሆንም የሰውን አስከሬን ከፍቶ መመርመር ስላልቻለ በጦጣና በሌሎች እንስሳት ያየውን ለሰው ሰጠ፤ የሰው የታች መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ማለቱ አንዱ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1543 የ28 ዓመቱ አንድርያስ ቬሳሊዩስ በባዝል ከተማ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በገዛ እጁ ከፍቶ ያየውን ጻፈ፤ መንጋጋውም አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ። ቬሳሊዩስን ለትውልድ ያቆየው ግን ቢላው ብቻ አይደለም። አጽሙን በሜዳ መካከል ቆሞ ሲተክዝ፣ ጡንቻውን ድርብ በድርብ ተገፎ የሚያሳዩት ሥዕሎች የቲሲያን የሥዕል ቤት ሠዓልያን ሥራ እንደ ሆኑ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ላይ የወጣውና እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚታተመው የሄንሪ ግሬይ መጽሐፍም 363ቱን ሥዕሎች ያገኘው ሐኪምም ሠዓሊም ከነበረው ከሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር እጅ ነው። ሐኪሙ ያየውን ሠዓሊው ካልሣለው፣ ሠዓሊው የሣለውን ደራሲው በጠራ ቃል ካላስረዳው የአካል መጽሐፍ አይኖርም።

«መጽሐፉ በሊቃውንት ቋንቋ መኖሩ ይበቃል» ለሚሉትም ታሪክ መልስ አለው። ቬሳሊዩስ በላቲን ቢጽፍም የሥራው አጭር መግለጫ በዚያው በ1543 በጀርመንኛ ታትሟል። በፈረንሳይ ደግሞ አምብሯዝ ፓሬ የሚባል፣ ላቲን ያልተማረ፣ ሙያውን ከፀጉር ቆራጮች መካከል የጀመረ፣ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ሲያክም የኖረ ሰው ነበር፤ በእኛ አገር ቢሆን ወጌሻ እንለው ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1561 የሰውን አካል የሚገልጽ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ። ላቲን የማያውቁ የሙያ ባልደረቦቹ ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ ነበር። በ1575 ሥራዎቹን ሁሉ በዚያው በሕዝቡ ቋንቋ ሰብስቦ ሲያወጣ የፓሪስ የሕክምና ሊቃውንት ሊያስቆሙት ተነሡ። ምሥጢራቸው ወደ ገበያ የወረደ መስሏቸው ነበር። ዛሬ ግን ስሙ የሚወሳው የፓሬ እንጂ የከሳሾቹ አይደለም።

ከአውሮጳ ውጭ ያለውን ምሳሌ የሚሻ ወደ ጃፓን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1771 ሱጊታ ገንፓኩና ማኤኖ ሪዮታኩ የተባሉ ሐኪሞች የሆላንድኛ የአካል መጽሐፍ ይዘው አስከሬን ሲከፈት ለማየት ሄዱ። አስከሬኑን የከፈተው ሐኪም ሳይሆን ከተናቀው የኅብረተሰብ ክፍል የተወለደ አንድ ሽማግሌ ነበር። ብልቱን እያወጣ ሲያሳያቸው ከሥዕሉ ጋር አስተያዩት፤ ሥዕሉ ትክክል፣ ከቻይና የወረሱት ትምህርት ስሕተት ሆኖ አገኙት። ሆላንድኛ የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ትርጕሙን ጀመሩ፤ በ1774ም መጽሐፉ ኦዳኖ ናኦታኬ ከሣላቸው ሥዕሎች ጋር ታተመ። ቃል ባጡበት ቃል ፈጠሩ፤ ጃፓኖች ዛሬ ነርቭን የሚጠሩበት ስም ከዚያ ትርጕም የወጣ ነው። ቋንቋቸው እስኪዘጋጅ አልጠበቁም፤ መጽሐፉን ሲጽፉ ቋንቋውም ተዘጋጀ።

«አማርኛ አይችልም» የሚሉት ወገኖች በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ቃላት ልብ ይበሉ፦ ደም ቅዳና ደም መልስ። ደም ከልብ የሚቀዳበት አንዱ፣ ወደ ልብ የሚመለስበት ሌላው ነው። ዊልያም ሀርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው የደም ዝውውር ፍሬ ነገር በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ይገኛል። ሕዋስ፣ ዕጢ፣ ሥርዓተ ልመት የሚሉትም የተማሪዎች ቃላት ሆነዋል። በሌላ በኩል ሥጋ ሻጩ ዳቢትን ከሽንጥ፣ ወርችን ከፍሪምባ ይለያል፤ እናቶቻችን ዶሮን በ12 ብልት ሲያወጡ ቢላቸው የሚያርፈው በመገጣጠሚያው ላይ ነው። ቃሉም ዕውቀቱም በሕዝቡ ዘንድ ተበትኖ አለ። የጎደለው ሰብሳቢ ነው።

ጉድለቱ ያለው በመለየቱ ላይ ነው። «ሥር» ስንል ደም ሥርንም፣ ጅማትንም፣ ነርቭንም በአንድ እንጠቀልላለን። ገበሬው «ልቤን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ጨጓራውን ነው፤ «ኩላሊቴን» ሲልም ወገቡን። ኪነ ጥበባችንም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም። ግጥሙና ተውኔቱ አንጀትን ለርኅራኄ፣ ሐሞትን ለወኔ፣ ቆሽትን ለንዴት፣ ሆድን ለምሥጢር መድቦ ሲኖር፣ ቆሽት በእውነት የት እንደሚገኝና ለምን እንደ ተፈጠረ አድማጩን ያስተማረው እምብዛም ነው። ዘይቤው ይኑር፤ ውበታችን ነው። ነገር ግን የብልትን ስም ለስሜት ብቻ ያስለመደ ሥነ ጽሑፍ ለሕመምተኛው ስሙን ከነቦታው የመመለስ ዕዳ አለበት።

እንግሊዝኛ ከሕክምና ትምህርት ይባረር የሚል ክርክር እዚህ አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው ከጎንደር የጤና ኮሌጅና በ1964 ከተቋቋመው ከአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ጀምሮ በዚያ ቋንቋ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሕዝባቸውን አገልግለዋል፤ ከዓለም ጋር የሚያገናኛቸው ገመድም ሊበጠስ አይገባም። ጥያቄው ሐኪሙ በምን ቋንቋ ተማረ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የተማረውን ለሕመምተኛው በምን ቋንቋ ያስረዳል የሚለው ነው። ከአካሉ የትኛው ብልት እንደሚወጣ ያልገባው ሰው የአውራ ጣቱን አሻራ ያኖረበት ወረቀት በሕግ ፊት ፈቃድ ይባል ይሆናል፤ በኅሊና ፊት ግን ፈቃድ አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛም ራሱ ለፍርድ ይቅረብ። የአዊ ሕዝብ አፉን የሚፈታው በአገውኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አገውኛ ከእነርሱ መካከል አልነበረም። በኋላ ግን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኗል፤ አይችልም ተብሎ የታለፈው ቋንቋ መቻሉን በክፍል ውስጥ አስመስክሯል። በቆሰበር የሚዘጋጅ የአካል መጽሐፍ በአማርኛ ብቻ ቢወጣ፣ እንግሊዝኛ በአማርኛ ላይ ያደረገውን አማርኛ በአገውኛ ላይ መድገሙ ነው። የወጌሻው ጣት የሚያስበው በአገውኛ ከሆነ መጽሐፉም በአገውኛ ሊያናግረው ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህራን ከወጌሻው፣ ከልምድ አዋላጇ፣ ከሥጋ ሻጩ፣ ከፈረሰኛውና ከመልክእ ደጋሚው አፍ የብልቶችን ስም ይሰብስቡ፤ ያሉትን መዝገበ ቃላትም ይመርምሩ። ሐኪሞች እያንዳንዱ ስም ለየትኛው ብልት እንደሚገባ ይወስኑ። ሠዓልያን፣ በተለይም በአለ ፈለገ ሰላም ከተመሠረተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡት፣ የሰውን አካል በትክክል መሣልን የተማሩ ናቸውና እጃቸው ለዚህ ይዋል። ደራስያን ጽሑፉን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ማንበብ ለማይችለውም እንዲገባ አድርገው ይጻፉ። ካድሬዎች ደግሞ በየስብሰባው ባህላዊ ዕውቀትን ከማወደስ አልፈው የኅትመቱን ወጪ በዕቅዳቸው ያስገቡ።

ከመጽሐፉም አስቀድሞ አንድ ትልቅ ሥዕል በሰው ቁመት ልክ ይታተም፤ አጥንቱ፣ ደም ቅዳው፣ ደም መልሱና ነርቩ በየቀለሙ ተለይቶ፣ ስሙ በአማርኛና በአገውኛ ተጽፎ፣ በየጤና ኬላውና በየትምህርት ቤቱ ይሰቀል። በሰው ቁመት ልክ ብራና ማዘጋጀት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወጌሻውም ወደዚያ ሥዕል ፊት እንደ ተከሳሽ ተጎትቶ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ተከብሮ ይጠራ፤ ስለ አጥንት እርሱ ለሐኪሙ ይንገረው፣ ስለ ደም ቅዳ ሐኪሙ ለእርሱ ይንገረው። የቀርከሃው እስር መቼ መላላት እንዳለበት፣ ጣት ሲቀዘቅዝ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ይግባቡ።

የፓሬ ዘመን ሊቃውንት ዕውቀት ወደ ሕዝብ ቋንቋ ሲወርድ ይረክሳል ብለው ፈሩ። በእኛ ዘመን ይህን ፍርሃት የሚደግም ምሁር ቢኖር ከቆሰበር ወጌሻዎች ጋር አንድ ቀን ይቀመጥ፤ ደም ቅዳ በየት እንደሚያልፍም በእንግሊዝኛ ያስረዳቸው። ካልተቻለው ብዕሩን ያንሣ፣ ሠዓሊ ጓደኛውንም ይጥራ፤ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።