ቡችላ በቁራሽ እንጂ በዱላ አይደግ



ያገራችን ሰው «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይላል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡችላ ስናሳድግ ግን ዱላውን እናስቀድማለን። «ካልተገረፈ ሌባ አይዝም» እየተባለ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ልጆችም በድንጋይ ያባርሩታል።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ኳሷን ልታነሳ ጎንበስ ስትል የገዛ ግቢዋ ውሻ ነከሳት። ድንጋይ የምታነሳ መስሎት ነው። ልጅቱ መርፌ ተወጋች፤ ውሻውም ከሰፈር ተወገደ። ጥፋቱ ግን የኛ የአሳዳጊዎቹ ነው።

ቡችላ ከሦስት ሳምንቱ እስከ ሦስት ወሩ ገደማ የለመደውን ነገር አድጎ እምብዛም አይፈራም። በዚያ ጊዜ ሕፃኑንም፣ ሽማግሌውንም፣ ዣንጥላ የያዘውንም ይልመድ። ሲጠሩት ሲመጣ፣ «ተቀመጥ» ሲሉት ሲቀመጥ፣ እዚያው በዚያው ቁራሽ ይሰጠው፤ ዘግይቶ የመጣ ቁራሽ የምን ዋጋ እንደሆነ አይገባውም። ሰው ላይ ሲዘል ፊት ንሱት እንጂ አትምቱት። ስድስት ወር አልፎት ሲጎረምስ የተማረውን የረሳ ይመስላል፤ ብዙዎቻችን ዱላ የምናነሳው ያኔ ነው። በትዕግሥት እንደገና ማስለመድ ነው የሚበጀው።

«ለኛም አልተረፈን፣ ለውሻ ዳቦ?» የሚል አይጠፋም። ትርፍ ወጪ አላልንም፤ ያው የሚጣልለት ፍርፋሪ በሰዓቱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው ነው ያልነው።

በሦስት ወሩም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገምለት።

ቤተሰቡን የሚፈራ ውሻ ቤት አይጠብቅም እንላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ