ለዘማች የሚጻፍ ደብዳቤ

በዚህ ወር ላጫውታችሁ ያሰብሁት በልጅነቴ በገዛ እጄ ስለ ጻፍሁት አንድ የሐሰት ቃል ነው። ብዙ ዘመን በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬም ባላቸው ወይም ልጃቸው በጦር ሠፈር የሚገኝ ብዙ ቤቶች አሉና፣ ምናልባት ቢጠቅማቸው ብዬ አወጣዋለሁ።

አባቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ ወደ ኮርያ ጦር በላከች ጊዜ፣ ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ዘመቱ። ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ሚያዝያ 8 ቀን በመርከብ ተነሡ። የባሕሩ ጉዞ ሦስት ሳምንት ያህል ስለ ፈጀ፣ የዚያን ዓመት ፋሲካ፣ ሚያዝያ 21 ቀን፣ የዋሉት በባሕር ላይ ነው። በቤታችን ዶሮው ተሠርቶ ቀርቦ ሳለ፣ አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ «ልጄ ዛሬ በምን ፈሰከ ይሆን?» እያሉ የቈረሱትን እንጀራ ሳይጐርሱ መዋላቸውን አስታውሳለሁ።

ሰው ስለ ዘማች ሲያስብ ዘወትር የሚታየው የተኵስ እሳት ነው። አባቴ ግን ከተመለሱ በኋላ ሲያጫውቱን፣ ከውጊያው ይልቅ አብዝተው የሚያነሡት የሠፈሩን ኑሮ ነበር። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተደርቦ በተራራማው ግንባር ይሰለፍ ነበር። ምሽግ መቈፈርና በግንድ በአሸዋ ከረጢት ማጠናከር፣ ሌሊት በተራ ዘብ መቆም፣ ጠመንጃ መወልወል፣ የራሰ ካልሲ በምድጃ ዳር ማድረቅ፣ የቆርቆሮ ምግብ እየከፈቱ በርበሬ መናፈቅ፤ ከዚያም እንደ ገና መጠበቅ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ሌሊት ነበር። ደገኛ የሆነ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል፤ በኮዳ ውስጥ ያለ ውኃ ድንጋይ ሲሆን ግን አይቶ አያውቅም።

በዚህ ሁሉ መካከል የፖስታ ቀን እንደ በዓል ይጠበቅ ነበር። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወደ ምሽጉ ጥግ ይሄዳል፤ ያልደረሰው ደግሞ የጓደኛውን እንዲያነብለት ይለምናል። «የማላውቀው ሰው ላም መውለዷን ሰምቼ የተደሰትሁ በኮርያ ብቻ ነው» ይሉ ነበር አባቴ። ወረቀቱም ከመታጠፍ ብዛት እስኪቀደድ ድረስ ይነበባል።

እናቴ ፊደል ስላልቈጠሩ፣ የቤታችን ጸሐፊ እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪው ነበርሁ። በነሐሴ 1943 ዓ.ም. አያቴ ታመው ዐረፉ። ከቀብሩ በኋላ የዘመድ ሽማግሌዎች በእልፍኝ ተቀምጠው መከሩ። «በጦር ሜዳ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ በሰላም ይመለስና ይነገረዋል» ተባለ። እናቴም ወረቀትና እርሳስ አስመጡ። እኔም በዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ሰላምታውን እንደ ልማዱ ከጻፍሁ በኋላ፣ «እማማ ደኅና ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ይመርቁዎታል» ብዬ ጨመርሁ። እናቴ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ በኋላ በጻፍሁት ደብዳቤ ሁሉ ያችን ቃል ደገምኋት።

እነሆ፣ አባቴም በበኩላቸው ይህንኑ ያደርጉ ኖሯል። በመስከረም 1944 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸውን ቈስለው ሆስፒታል ገቡ። ከዚያም በጓደኛ እጅ፣ «እኔ ደኅና ነኝ፤ ምንም አላገኘኝም» ብለው አስጻፉልን። እናቴ ማንበብ ባይችሉም የባላቸውን የእጅ ጽሕፈት መልክ ያውቁ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮት ወስደው አገላብጠው አዩና፣ «ይህ የእርሱ እጅ አይደለም» አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ባሌ ሞቶ ባልንጀሮቹ እያጽናኑኝ ነው ብለው አመኑ። ደኅና ነኝ የሚለው ቃል ራሱ ማቅ ሆነባቸው። ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኵስ ማቆም ስምምነት እስኪገታ ድረስ፣ ከኮርያ ዘማቾቻችን መካከል አንድ እንኳ ባይማረክም፣ ከ120 የሚበልጡት ወድቀዋል፤ ከ500 የሚበልጡትም ቈስለዋል። እናቴ ጥቂት እንቅልፍ ያገኙት ከገና በኋላ፣ ጠማማ በሆነ ፊደል ሦስት ቃል ብቻ በገዛ እጃቸው የጻፉበት ወረቀት በደረሰ ጊዜ ነው።

በ1944 ዓ.ም. ሁለተኛው የቃኘው ሻለቃ ሲተካቸው፣ አባቴ ተመለሱ። በለገሃር ከባቡሩ ሲወርዱ በክንዳቸው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው ነበር። ሁላችንንም ሳሙንና ከኋላችን መመልከት ጀመሩ። ማንም አልተናገረም። ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ መርዶውን ነገሩአቸው።

ከብዙ ቀን በኋላ ወደ እኔ ተጠግተው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ በተራራው ላይ ሳለሁ ብሰማው ኖሮ፣ ከዚያ መመለሴን እኔ እንጃ። ስለ መደበቃችሁ አልቈጣም። ነገር ግን ዘብ በቆምሁበት ሌሊት ሁሉ የምሞቀው በዚያች በእጅህ በጻፍሃት ምርቃት ነበር። አሁን ያን ሌሊት ሁሉ ሳስበው፣ ባዶ እጄን የቆምሁ ይመስለኛል።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሽማግሌዎቹ ተሳስተው ነበርን? አይመስለኝም። መርዶ ጊዜና ቦታ፣ ደግፎ የሚይዝም ሰው እንደሚፈልግ አባቶቻችን ያወቁት በከንቱ አይደለም። ስሕተቱ ሌላ ነው። ዝም ማለትና ያልሆነውን መናገር አንድ አይደሉም። ስለ አያቴ ምንም ባልጽፍ ኖሮ፣ ዝምታው አባቴን ባሳሰበ ነበር፤ እኔ ግን ለሞተ ሰው ምርቃት ፈጠርሁ። አባቴም «ቈስያለሁ፤ እየዳንሁ ነው» ቢሉ ኖሮ፣ እናቴ ያለቅሱ ነበር፤ ነገር ግን ልቅሷቸው ለቈሰለ እንጂ ለሞተ ባልሆነም ነበር።

እንግዲህ፣ ዘማች ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ደብዳቤው በስልክ ቢተካም ነገሩ ያው ነው። የቤታችሁን ጥቃቅን ነገር ንገሩት፤ የሚያፈሰውን ጣራ፣ የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ፣ የጐረቤቱን ጠብ አትናቁበት። እርሱ የሚናፍቀው ይህንኑ ነውና። ከባድ ነገር ቢደርስባችሁ፣ መቼና በማን አፍ እንደሚነገረው ከሽማግሌና ከንስሓ አባት ጋር ምከሩ፤ እስከዚያው ዝም ማለት ይቻላል። ያልሆነውን ግን ሆነ አትበሉት። አንድ ጊዜ የታወቀ ሐሰት፣ ከዚያ በፊት የተነገረውን እውነት ሁሉ ይዞ ይሄዳል። እናንተም ዘማቾች፣ «ደኅና ነኝ» ስትሉ ቤተ ሰባችሁ እንዲያምናችሁ፣ ደኅና ባልሆናችሁበት ቀን ጥቂቱን እንኳ አካፍሏቸው።

አባቴ ለአያቴ ሙት ዓመት ደርሰው ነበር። ያን ብርድ ልብስ በዚያን ቀን ጧት ከቤተ ክርስቲያን በር ለሚቀመጡ አንዲት አሮጊት አለበሱ። አሮጊቷም እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁአቸው። አባቴ ቆባቸውን አውልቀው፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ ከፊታቸው ቆመው ሰሙ።