በአንዲት ፊደል የሚሰናከሉ ሕፃናት

ሕፃን አፉን ፈትቶ እናቱን፣ ወተቱንና ውሻውን በየስማቸው ሲጠራ የሰማ ወላጅ፣ ልጁ ቋንቋ እንደ ገባው ቈጥሮ ደስ ቢለው የሚነቀፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ንግግር የሚጸናው በስሞች ብቻ ሳይሆን ስሞችን እርስ በርሳቸው በሚያያይዙ ደቃቅ ቃላት ጭምር ስለ ሆነ፣ ቋንቋ የሚከብደው ልጅ አብዝቶ የሚሰናከለው በእነዚህ ነው። ውሻው ይታያል፣ ወተቱም ይቀመሳል፤ «ውስጥ»፣ «ሥር»፣ «በፊት»፣ «ስለ» የተባሉት ግን የነገሮች ዝምድና እንጂ ነገሮች አይደሉምና በጣት ሊያመለክቷቸው አይቻልም።

በአማርኛችን «ፈረደለት»ና «ፈረደበት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ሲሆን፣ ያችው ፊደል ግን ሰውን ነጻ ታወጣለች ወይም ታስቀጣለች። «በፊት» ስንል ያለፈውን ዘመን፣ «ወደ ፊት» ስንል የሚመጣውን እናመለክታለን፤ «ከ»ም ከቤት ሲወጡ መነሻን፣ ከእናት ጋር ሲሆኑ አብሮነትን፣ ከወንድም ሲበልጡ ማነጻጸርን ያሳያል። የቅኔ ቤት ሊቃውንት በግዕዙ እንዲህ ያሉትን ቃላት ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ አገባብ ብለው ከፍለው ራሱን የቻለ ትምህርት ያደረጉላቸው፣ የምስጢር መውጫና መግቢያ እነርሱ መሆናቸውን ስለ ተረዱ ነው።

አብዛኞቹ ሕፃናት ይህን ሁሉ ያለ መምህር በጆሯቸው ሰብስበው ያውቁታል፤ ጥቂት የማይባሉት ግን መስማታቸው ደኅና፣ ልቡናቸውም ብሩህ ሆኖ ሳለ ይህ ጸጋ ይዘገይባቸዋል። በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ትምህርት ቤት ለመግባት ከደረሱት የ5 ዓመት ገደማ ልጆች ከመቶ 7 ያህሉ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለባቸው አመልክቷል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ችግር የተለየ ቢሆንም፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእነዚሁ ቃላት ይቸገራሉ፤ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ሕፃናት በጻፈው ድርሳን፣ «እኔ»ንና «አንተ»ን ስለሚያለዋውጡ ልጆች፣ እንዲሁም አባቱ ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው ቢል፣ የለም፣ ግድግዳው አጠገብ ናቸው ብሎ ስላረመው ልጅ ተርኳል። ለዚያ ልጅ «ላይ» ማለት ከአናት በላይ ማለት ብቻ ነበርና እንደ ገባው መጠን እውነትን ተናገረ።

ችግሩን የሚሰውረው ደግሞ ልማድ ነው። ስኒውን ረከቦቱ ላይ አድርግ የተባለ ልጅ ቃሉን ባይረዳውም፣ ስኒ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን ስለሚያውቅ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ረከቦቱ ሥር አድርግ ቢባል ግን ያንኑ ይደግመዋል። እጅህን ከመታጠብህ በፊት ደብተርህን አስቀምጥ ሲባልም፣ «በፊት»ን ሳይለይ ቃላቱ በተነገሩበት ተራ ሄዶ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ይህንንም ያየ ታላቅ ሰው፣ ልጁን እልኸኛ ወይም ደንቆሮ ብሎ ይቈጣዋል፣ አንዳንዴም አርጩሜ ያነሣበታል።

አርጩሜ ግን ቃልን አያስተምርም። የሚያስተምረው ቃሉን ከሥራው ጋር ባንድ ጊዜ ማሰማት ነው፤ አንዱን ኳስ አሁን ሳጥኑ ውስጥ፣ አሁን ሳጥኑ ሥር እያኖሩ፣ ሁለቱ ቃላት በልቡናው ሳይጸኑ ሦስተኛውን ሳይጨምሩ፣ መልስም እስኪያገኝ በትዕግሥት እየጠበቁ፣ በተራውም ልጁ አዛዥ ታላቁ ታዛዥ እየሆኑ መደጋገም ነው። የጊዜን ቃላት ለማስተማርም ከቡና የተሻለ ትምህርት ቤት ሩቅ አይፈለግም፤ ከመቈላቱ በፊት ይታጠባል፣ ከተቈላ በኋላ ይወቀጣል፣ ልጁም በዐይኑ እያየ ይሰማል።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጁ ያልታዘዘ በመሰላችሁ ጊዜ ከመቅጣታችሁ አስቀድሞ ጆሮውን በሐኪም አስመርምሩ፣ የተናገራችሁትም ገብቶት እንደ ሆነ በእርጋታ ፈትኑት፤ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ተቋማትም ይህን ዕውቀት በትምህርታቸው ውስጥ ያስገቡት። ያልገባውን ልጅ እንዳልታዘዘ ቈጥሮ መቅጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።